ለኮምፒውተርዎ የሚመጥን የጌም ሞኒተር ሬዞሉሽን ምንድን ነው?

«ኮምፒውተሬ የ4ኬ ፊልም ያለ ምንም ችግር ያጫውታል፤ ታዲያ ለጌም የ4ኬ ሞኒተር ብገዛ ምን ይከለክለኛል?» ጥያቄው ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ያገናኛል። ፊልም ተሠርቶ ያለቀ ምስል ነው። ከኮምፒውተሩ የሚጠበቀው የታመቀውን ፋይል ፈትቶ ማሳየት ብቻ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ ትንሽ ክፍል በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ አለ። የጌም ምስል ግን ተሠርቶ የሚጠብቅ አይደለም። ገጸ ባሕርይው ፊቱን ወደ ግራ ባዞረ ቁጥር ብርሃኑ፣ ጥላው፣ የግድግዳው ልስን፣ የጭሱ ብናኝ ሁሉ እንደ አዲስ ተሰልቶ መሣል አለበት፤ ያውም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜ፣ 100 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሬዞሉሽን በስክሪኑ ላይ በአግድም እና በቁም የተደረደሩት ፒክስሎች (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብዛት ነው። ለሞኒተሩ ቋሚ ባሕርይ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚወጣ፣ በኋላ የማይለወጥ። የጌሙን ምስል ለሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ግን የሥራ ትእዛዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ተሥሎ በሚወጣው በእያንዳንዱ ምስል፣ ስንት ነጥብ ቀለም መቀባት እንዳለበት የሚነግረው። ስለዚህ «የሚመጥን ሬዞሉሽን» ሲባል ካርዱ ተጫዋቹ በሚፈልገው ፍጥነት ሊሞላው የሚችለው የፒክስል ብዛት ማለት ነው። ምርጫው ከሞኒተሩ ሳይሆን ከካርዱ ይጀምራል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ መጀመሪያ ያማረውን ሞኒተር ይገዛል፣ ከዚያ በኋላ ካርዱ አልችል ሲለው ሌላ ካርድ ለመግዛት ይገደዳል።

በብዛት የሚሸጡት ሦስት ናቸው። 1080ፒ የሚባለው 1920 በ1080 ሲሆን ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል ይሆናል። 1440ፒ 2560 በ1440 ነው፤ 3,686,400 ፒክስል። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400 ፒክስል። ስሞቹን ያየ ሰው እኩል እርከን ያለው መሰላል ሊመስለው ይችላል፤ እርከኖቹ ግን እኩል አይደሉም። ከ1080ፒ ወደ 1440ፒ መውጣት ሥራውን 1.78 እጥፍ ያደርገዋል፤ ከ1440ፒ ወደ 4ኬ መውጣት ደግሞ 2.25 እጥፍ። ከታችኛው ወደ ላይኛው በአንድ ጊዜ የዘለለ ሰው ካርዱን ልክ አራት እጥፍ አሸክሞታል። ሰፊው 3440 በ1440 ስክሪን ከተለመደው 1440ፒ በሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ይህን ጭማሪ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ሻጮች አንዳንዴ «2ኬ» እያሉ የሚጽፉት ነገር ስላለ፣ ካርቶኑ ላይ ከስሙ ይልቅ ሁለቱን ቁጥሮች ማንበብ ይሻላል።

ግማሹ ስሌት ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ፍጥነቱ ነው፤ ማለትም ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚነግረው የሄርዝ ቁጥር። በ60 ሄርዝ ካርዱ ለአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፤ በ144 ሄርዝ ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይወርድበታል። ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛ ያልጠበቅነው ውጤት ይመጣል። 4ኬ በ60 ሄርዝ በሰከንድ 498 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይጠይቃል፤ 1440ፒ በ144 ሄርዝ ግን 531 ሚሊዮን ያህል። ሄርዙ እስከ ጫፍ ይሞላ ከተባለ «መካከለኛው» ሞኒተር ከ«ትልቁ» የበለጠ ሊያሠራ ይችላል ማለት ነው። 1080ፒ በ144 ሄርዝ ደግሞ 299 ሚሊዮን አካባቢ ነው። አንድ ሰው «ካርዴ ለ1440ፒ ይበቃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሌላ ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በሰከንድ በስንት ፍሬም?

በስንት ፍሬም የሚለው በጨዋታው ዓይነት ይወሰናል። ታሪክ ተከትሎ፣ አገር እያዩ በዝግታ ለሚጫወቱት ጌም 60 ፍሬም የተረጋጋ ከሆነ በቂ ነው፤ እዚህ ላይ የቅጠሉ ጥራት ከፍጥነቱ ይበልጣል። ካርታ ላይ ጦር እና ከተማ የሚያስተዳድሩባቸው የስትራቴጂ ጌሞችም ፒክስል ይወዳሉ፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ በአንድ ዕይታ ብዙ ነገር ይገባል። የፉክክር ተኩስ ጌም ላይ ግን እኔ ያለ ማመንታት ፍጥነትን አስቀድማለሁ። እነዚህ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ለካርድ ቀላል ሆነው ስለሚሠሩ በ1080ፒ 240 ሄርዝ መሙላት ከመካከለኛ ካርድ ዐቅም ውጪ አይደለም፤ ጠላት ከጥግ ብቅ ሲል ቀድሞ ያየ ያሸንፋል።

ግምት ግን እስከዚህ ድረስ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት የራስን ኮምፒውተር መፈተን ይቻላል፤ ለዚህም አዲስ ሞኒተር አያስፈልግም። የግራፊክስ ካርድ ሠሪዎቹ ኢንቪዲያ ዲኤስአር፣ ኤኤምዲ ደግሞ ቪኤስአር የሚሏቸው መሣሪያዎች ከ2014 ጀምሮ በካርዶቻቸው ማስተካከያ ውስጥ አሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ጌሙ ከሞኒተሩ በላይ በሆነ ሬዞሉሽን እንዲሣል ያደርጉና ውጤቱን አሳንሰው በነባሩ ስክሪን ላይ ያሳያሉ። ምስሉ 1080ፒ ሞኒተር ላይ ቢታይም ካርዱ የሚሠራው የ1440ፒ ወይም የ4ኬ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። አዘውትረው የሚጫወቱትን ከባድ ጌም ይክፈቱ፤ ዛፍ፣ ውኃ እና ሕዝብ የበዛበት አንድ ቦታ ይምረጡ። የፍሬም ቆጣሪውን አብርተው በ1080ፒ ለጥቂት ደቂቃ በዚያው መንገድ ይመላለሱ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይነኩ ሬዞሉሽኑን ብቻ ወደ 1440ፒ ከፍ አድርገው ያንኑ መንገድ ይድገሙ። 95 ፍሬም የነበረው ወደ 62 ቢወርድ ካርዱ ሙሉ ዐቅሙን እየተጠቀመ ነው፤ 62ቱ ይበቃኛል ካሉ 1440ፒ ይመጥንዎታል። ልብ ይበሉ፤ ሥራው 1.78 እጥፍ ቢያድግም ፍሬሙ በዚያው ልክ አልወረደም። በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ ከፒክስል ብዛት ጋር የማይጨምር ሥራም ስላለ ነው። ከአማካዩ ይልቅ ደግሞ ዝቅተኛውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ዓይን የሚያስተውለው ድንገተኛውን መደነቃቀፍ ነው።

ቁጥሩ ጭራሽ ካልወረደስ? ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና ነው። የጠላቶቹን ውሳኔ፣ የኳሱን አወዳደቅ፣ የዕቃዎቹን ግጭት የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የእርሱ ሥራ ደግሞ ስክሪኑ ቢሰፋም ባይሰፋም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ሬዞሉሽን ሲጨምር ፍሬም የማይቀንስ ከሆነ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ እየጠበቀው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው 1440ፒ ቢገዛ ተጨማሪውን ጥራት በነጻ ያገኘዋል። 240 ሄርዝ ያለው 1080ፒ ቢገዛ ግን ሄርዙን የሚሞላለት ፕሮሰሰር የለውም። ያረጀ ፕሮሰሰር ላይ አዲስ ካርድ ለተከለ ሰው ከፍ ያለ ሬዞሉሽን ከከፍተኛ ሄርዝ ይልቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

«ሞኒተሩ 4ኬ ይሁንና ከባድ ጌም ሲመጣ ዝቅ አድርጌ እጫወታለሁ» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ስክሪን የሚያምረው በራሱ ሬዞሉሽን ብቻ ነው። የ1080ፒ ምስል 1440ፒ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ አንዱ ነጥብ 1.33 ነጥብ ላይ መዘርጋት አለበት፤ ፒክስል ደግሞ አይሸረፍም፤ ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ ይደበዝዛል። በ4ኬ ስክሪን ላይ ግን አንዱ የ1080ፒ ነጥብ ሁለት በሁለት ሆነው የተቀመጡ አራት ነጥቦችን በትክክል ይሞላል። እዚህም ቢሆን ብዙ ጊዜ ምስሉ ሲሰፋ ስለሚለሰልስ፣ ነጥቡን ሳያደበዝዝ የሚያባዛውን ምርጫ በካርዱ ማስተካከያ ውስጥ ፈልጎ ማብራት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ስሌት ያለዘቡት ምስል አሳዳጊ ዘዴዎች ናቸው። ኢንቪዲያ በ2018 ዲኤልኤስኤስን፣ ኤኤምዲ በ2021 ኤፍኤስአርን አወጡ፤ ኢንቴልም በ2022 የራሱን ይዞ መጣ። ጌሙ በትንሽ ሬዞሉሽን ይሣላል፣ ከዚያ ዘዴው የጎደለውን ሞልቶ ወደ ስክሪኑ ልክ ያሳድገዋል። «ጥራት» በተባለው ደረጃ 4ኬ የሚሠራው ከ2560 በ1440 ተነሥቶ ነው፤ 1440ፒ ደግሞ ከ1707 በ960 አካባቢ። እዚህ ላይ አንድ የማያወላውል አቋም አለኝ፦ ዘዴው መነሻው ሀብታም ሲሆን ድንቅ ነው፤ ደኻ ሲሆን ግን ያሳፍራል። በ4ኬ ከእውነተኛው ለመለየት ይቸግራል። በ1080ፒ ግን መነሻው 720ፒ ስለሚሆን የሩቅ ሽቦ እና ሣር ይንቀጠቀጣል። ማሳደጉ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድም በዚህ መንገድ የመጣ 4ኬ ከተራው 1440ፒ ጥቂት ይዘገያል። ደግሞ ሁሉም ጌም አይደግፈውም፤ የሚጫወቱት የቆየ ጌም ከሆነ በዚህ አይተማመኑ።

የስክሪኑ ስፋት ሳይጠቀስ ሬዞሉሽን ትርጉም የለውም። 24 ኢንች ላይ 1080ፒ በአንድ ኢንች 92 ፒክስል ያህል ይሰጣል፤ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል፣ ነጥቦቹም መታየት ይጀምራሉ። 1440ፒ በ27 ኢንች 109 ያህል ነው፤ በ32 ኢንች ግን ተመልሶ 92 ይሆናል፤ ትንሹ 1080ፒ ከነበረበት ቦታ። 4ኬ በ32 ኢንች ወደ 138 ይደርሳል። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው 145 አካባቢ ነውና፣ 27 ኢንች ላይ 163 የሚሰጠው 4ኬ በዚያ ርቀት ዓይን ከሚለየው በላይ ነው። ካርዱ ግን ለማይታየው ፒክስልም ላቡን ያፈሳል።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው፣ ምስሉን ከፕሮሰሰሩ ጋር በተሠራው ቺፕ ለሚሣል ማሽን፣ 1080ፒ ብቻ፤ ከባድ ጌምማ ከዚያም ዝቅ ይላል። መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው 27 ኢንች 1440ፒ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ነው፤ ልዩነቱ ለዓይን ግልጽ ነው፣ ሸክሙም አያንበረክክም። 4ኬን ከላይኛው ረድፍ ካርድ ላላቸው፣ ወይም ቀን በዚያው ስክሪን ላይ ጽሑፍ እና ፎቶ ለሚሠሩ እተዋለሁ። የካርዱም ሜሞሪ ይታይ፤ 8 ጊጋባይት ይዞ አዳዲስ ጌሞችን በ4ኬ እና በከፍተኛ ጥራት መክፈት መደነቃቀፍን መጋበዝ ነው። ጥርጣሬ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ የሚባለውን፣ ሞኒተሩ የእድሳት ፍጥነቱን ከካርዱ ጋር የሚያስማማበትን ብልሃት የያዘ ይምረጥ። ፍሬሙ ከ60 ወደ 52 ቢንሸራተት ምስሉ አይቀደድም። ብዙ ሞኒተሮች ላይ የዚህ ዝቅተኛ ወሰን 48 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ለሚወርድ ካርድ ግን ብዙ አይታመንበት።

የቀረው ገመዱ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በ4ኬ ከ60 ሄርዝ አያልፍም፤ በ4ኬ 120 ሄርዝ የፈለገ ኤችዲኤምአይ 2.1 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.4 ያስፈልገዋል፤ ያውም በሞኒተሩ ብቻ ሳይሆን በካርዱም ላይ። ገመዱን ሲሰኩ ከማዘርቦርዱ መውጫ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ መውጫ ጋር ያገናኙት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ የስክሪን ማስተካከያ ገብተው ሄርዙን ይዩ፤ 144 ሄርዝ ሞኒተር ብዙ ጊዜ 60 ላይ ተቀምጦ ይገኛል፣ በእጅ ካልቀየሩት እዚያው ይቆያል።