ታይት ኤንድ ምንድን ነው? በኮሌጅ ፉትቦል የሩጫ ጨዋታ ውስጥ ያለው ሥራ

ታይት ኤንድ በአሜሪካ ፉትቦል በማጥቂያው መስመር ጫፍ ላይ፣ ታክል የሚባለውን የመስመር ተጫዋች ተጠግቶ የሚሰለፍ ተጫዋች ነው። አንዳንዴ እንደ መስመር ተጫዋች ተከላካይ ያግዳል፣ አንዳንዴ ወደፊት ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ተመልካቹ ታይት ኤንድን የሚያውቀው በሚቀበለው ኳስ ነው። በሩጫ ለሚኖር የኮሌጅ ቡድን ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ 120 ኪሎ የሚመዝን ዲፌንሲቭ ኤንድን (የመከላከያ መስመሩን ጫፍ የሚጠብቀውን ተጫዋች) ብቻውን ማገድ ይችላል ወይ? ከቻለ የተከላካዩ ቡድን ሒሳብ ይዛባል። ካልቻለ ግን ገና ሜዳ ሲገባ ተከላካዩ የሚመጣው ምን እንደሆነ ይገምታል።

ለዚህ ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ከርክ ፌሬንትዝ ቡድኑን ከ1999 ጀምሮ እያሠለጠኑ ነው። በእነዚህ ዓመታት የማጥቃት አስተባባሪዎች ቢለዋወጡም ሁለት ነገሮች አልተነኩም፤ አውትሳይድ ዞን የሚባለው ሩጫና ታይት ኤንድ የሚበዛበት አሰላለፍ። በየዓመቱ ለምርጥ የኮሌጅ ታይት ኤንድ የሚሰጠውን የጆን ማኪ ሽልማት ዳላስ ክላርክ በ2002፣ ቲ ጄ ሆከንሰን በ2018 ወስደዋል። ክላርክ ሲመጣ ያለ ስኮላርሺፕ የገባ ላይንባከር (ከመከላከያው መስመር ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ነበር። ጆርጅ ኪትል ደግሞ በኮሌጅ ዘመኑ በሙሉ የተቀበለው ኳስ 48 ብቻ ነው፤ በ2017 የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ እስከ 5ኛው ዙር ቆይቶ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው፣ ከዚያም በሊጉ ካሉት ምርጦች አንዱ ሆነ። የተቀበለውን ኳስ ብቻ የቆጠረ ሰው እንዲህ ያለውን ተጫዋች ያልፈዋል።

መጀመሪያ ደንቡን እንይ፤ ሳያውቁት የቀረው አይገባም። አጥቂው ቡድን 11 ሰው አለው፤ ከነዚህ ውስጥ ከመስመሩ ጀርባ መቆም የሚችሉት ቢበዛ 4 ናቸው። መስመሩ ላይ ካሉት ደግሞ ወደፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል የሚፈቀድላቸው የሁለቱ ጫፎች ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ከ50 እስከ 79 ያለውን ማሊያ ካልለበሱ። (ኪትል 46፣ ሆከንሰን 38 ነበር የሚለብሱት፤ ስለዚህ ታይት ኤንድን በቁጥሩ አትፈልጉት።) እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ከታይት ኤንዱ ውጭ የቆመው ተቀባይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሲገባው መስመሩ ላይ ከቆመ፣ ታይት ኤንዱ ጫፍ መሆኑ ይቀራል፤ ኳስ ለመቀበል ወደፊት ከሄደ ቅጣት ነው። ንቁ ተከላካይ ይህን ካየ ለጓደኞቹ ጮሆ ይነግራቸዋል፣ እነሱም ያን ሰው ከኳስ ተቀባይነት ሰርዘው ሩጫውን ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ክፍተቶቹ። የመስመሩ መሐል ላይ ሴንተሩ አለ፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ጋርዶቹ፣ ከእነሱ ውጭ ታክሎቹ። በሴንተሩና በጋርዱ መካከል ያለው ክፍተት ኤ፣ በጋርዱና በታክሉ መካከል ያለው ቢ፣ ከታክሉ ውጭ ያለው ሲ ይባላል። በሁለቱም በኩል ሲቆጠር 6 ክፍተት ነው። ዛሬ ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች የሚከላከሉት 4 የመስመር ተጫዋችና 2 ላይንባከር ከፊት አድርገው ነው፤ 6 ሰው ለ6 ክፍተት፣ ሒሳቡ ይገጥማል። አንድ ታይት ኤንድ በቀኝ በኩል ሲጨመር ግን ሲ በታክሉና በእሱ መካከል ይሆንና ከእሱ ውጭ ዲ የሚባል አዲስ ክፍተት ይፈጠራል። 7 ክፍተት ሆነ ማለት ነው። በግራም ሁለተኛ ታይት ኤንድ ከቆመ 8። ተከላካዩ የጎደለውን ሰው የግድ ከኋላ፣ ከሴፍቲዎቹ ማምጣት አለበት፤ ሴፍቲ ወደፊት በመጣ ቁጥር ደግሞ ለረጅም ኳስ የሚጠብቅ ሰው ይቀንሳል። የታይት ኤንድ ጥቅም በመጀመሪያ ደረጃ ይኸው ነው፤ ገና ማንንም ሳይነካ፣ በመቆሙ ብቻ ተከላካዩን ያስመርጠዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ማገድ ከቻለ ብቻ ነው። የማያግድ ታይት ኤንድ የፈጠረውን ክፍተት ፊት ለፊቱ ያለው ዲፌንሲቭ ኤንድ እሱን ገፍቶ መልሶ ይዘጋዋል፤ አንድ ተከላካይ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፣ ሴፍቲውም ከኋላ መምጣት አያስፈልገውም።

ሥራውን በቅርበት ለማየት አውትሳይድ ዞንን እንውሰድ፣ ሩጫው ወደ ቀኝ፣ ታይት ኤንዱም በቀኝ ሆኖ። አምስቱም የመስመር ተጫዋቾችና ታይት ኤንዱ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይረግጣሉ። ታይት ኤንዱ አንድ እጁን መሬት ላይ አድርጎ ይጀምራል። ኳሱ ሲነሳ የመጀመሪያው እርምጃ በቀኝ፣ በውጭኛው እግር ነው፤ አጭር፣ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ወደ ውጭና ወደፊት። ሁለተኛው፣ የግራ እግር፣ በተከላካዩ ሁለት እግሮች መካከል ያርፋል፣ እሱም ከመጋጨቱ በፊት ወይም በዚያው ቅጽበት። የውስጥ እጁ የተከላካዩን ደረት መሐል ይይዛል፣ የውጭ እጁ ብብቱ ሥር ይገባል፤ ራሱ ከተከላካዩ የውጭ ትከሻ ወዲያ መሆን አለበት። ዓላማው ዳሌውን አዙሮ በተከላካዩና በሜዳው ጠርዝ መካከል መቆም ነው። ይህ ከተሳካ ሯጩ በውጭ በኩል ይወጣል።

ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ አለመሳካቱም ችግር የለውም። ዲፌንሲቭ ኤንዱ እንዳይዞሩት ብሎ ወደ ውጭ ከሸሸ፣ ታይት ኤንዱ እሱን ለማለፍ መታገሉን ትቶ በሄደበት አቅጣጫ እስከ ሜዳው ጠርዝ ድረስ ይገፋዋል። ያኔ መንገዱ የሚከፈተው ከውስጥ ነው። ሯጩ ኳሱን ተቀብሎ ወደ ታይት ኤንዱ የውጭ ዳሌ እየሮጠ የሚያየው ያንን ተከላካይ ነው፤ የተከላካዩ ራስ ከታይት ኤንዱ በስተውስጥ ከቀረ ሯጩ በውጭ ይቀጥላል፣ ወደ ውጭ ከወጣ ሯጩ አንድ ጊዜ ብቻ እግሩን ተክሎ ወደፊት ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ብቻ! ሁለተኛ ለማታለል የሞከረ ሯጭ ከኋላ ይያዛል። ስለዚህ በዚህ ሩጫ ታይት ኤንዱ አሸነፈ የሚባለው ተከላካዩን ሲጥለው አይደለም፤ ተከላካዩ አንዱን ጎን እንዲመርጥ ካስገደደው በቂ ነው። የሚጎዳው ተከላካዩ መሐል ላይ ቆሞ በሁለቱም በኩል ማየት ሲችል ነው።

ስህተቶቹ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ከረዘመ ታይት ኤንዱ በአንድ እግሩ ላይ እያለ ይመታል፤ ከ10 ኪሎ በላይ የሚበልጠው ሰው ያኔ በቀላሉ ይገፋዋል። እርምጃው ወደ ኋላ ከሆነ ደግሞ ተከላካዩ መስመሩን ጥሶ ሯጩን ገና ኳሱን እንደያዘ፣ 3 ያርድ ከኋላ ያገኘዋል፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሯጩ የሚያነበው ነገር ሳይኖር ጨዋታው ያልቃል። እጆቹ ከተከላካዩ ትከሻ ውጭ ከያዙ ዳኛው ሆልዲንግ (ይዞ የማስቀረት ጥፋት) ይጠራል፣ 10 ያርድ ወደ ኋላ። በሩጫ ለሚኖር ቡድን በ4 ሙከራ መሸፈን ያለበት 10 ያርድ 20 ሆነ ማለት ሩጫውን መተው ማለት ነው፤ 4 ያርድ 4 ያርድ እያሉ እዚያ አይደረስም። አንገቱን ደፍቶ የሚገባም አለ፤ የሚመታውን ስለማያይ ተከላካዩ እጁን መትቶ ያልፈዋል።

ተከላካዩ በታክሉና በታይት ኤንዱ መካከል ሲቆም ሥራው የሁለት ሰው ይሆናል። ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዲፌንሲቭ ኤንዱን ይገፋሉ፣ ዓይናቸው ግን ከኋላ ያለው ላይንባከር ላይ ነው። ላይንባከሩ ወደ ውጭ ከሮጠ ታይት ኤንዱ ለቆ ይሄድበታል፤ ወደ ውስጥ ከመጣ ታክሉ ይለቃል። የሚከብደው መቼ እንደሚለቁ ማወቁ ነው። ቶሎ ከለቀቀ የመጀመሪያው ተከላካይ ነፃ ይሆናል፤ ከዘገየ ላይንባከሩ ሯጩን በ2 ያርድ ላይ ይጥለዋል። ይህ በጉልበት አይፈታም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በብዙ ልምምድ የሚያገኙት ነገር ነው፣ አንዱ ተጎድቶ ሌላ ሲተካ ሩጫው ወዲያው የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው።

ከሩጫው በተቃራኒ በኩል ያለው ዲፌንሲቭ ኤንድ ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ማንም ካላገደው ከኋላ ሮጦ ሯጩን ይደርስበታል። መልሱ ስፕሊት ዞን ይባላል። መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከቀኝ በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ የቆመው ታይት ኤንድ ብቻውን ከመስመሩ ጀርባ ወደ ግራ ይሮጥና ያንን ተከላካይ ወደ ውጭ ይመታዋል። ሯጩም በተተወው ቦታ ወደ ግራ መቁረጥ ይችላል። ተከላካዩ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቀበለ በኋላ ታይት ኤንዱ ሲመጣበት ትከሻውን አጥብቦ ወደ ውስጥ ገብቶ መግጠም ይጀምራል። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ቡትሌግ ይጠራል፤ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች) ለሯጩ የሰጠ መስሎ ኳሱን ይዞ ወደ ግራ ይዞራል፣ ታይት ኤንዱ በዚያው መንገድ መጥቶ ሊመታው ሲል ያልፈዋል፣ ከመስመሩ 3 ወይም 4 ያርድ ወጣ ብሎ ብቻውን ይቆማል። አዮዋ ይህን ጨዋታ ለዓመታት ያለማፈር ሲደጋግመው ኖሯል። የሚበላሸው ታይት ኤንዱ ተከላካዩን ከሩቅ መሸሽ ሲጀምር ነው፤ መንገዱ ለማገድ ከሚሄድበት መንገድ በግማሽ ሜትር እንኳ ከተለየ ተከላካዩ አይታለልም፣ ኳርተርባኩም ፊት ለፊት ይገናኘዋል።

ፓወር በሚባለው ሩጫ የታይት ኤንዱ ሥራ ቀለል ይላል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ትቶ በስተውስጥ ያለውን ሰው ከጎን ይገፋል፣ የተተወውን ሌላ ሰው መጥቶ ያስወጣዋል። ከጎን መምታት ከፊት ከመምታት ስለሚቀል፣ ታይት ኤንዶቹ ቀለል ያሉ ቡድኖች ከአውትሳይድ ዞን ይልቅ ወደዚህ ቢያደሉ አይገርምም።

ተንታኞች በየጨዋታው የሚጠሩት ቁጥር አለ፤ 11፣ 12፣ 21፣ 22። የመጀመሪያው አኃዝ ከኋላ የሚቆሙ ሯጮች ብዛት፣ ሁለተኛው የታይት ኤንዶች ብዛት ነው። 12 ማለት 1 ሯጭና 2 ታይት ኤንድ፣ ስለዚህ 2 የዳር ተቀባይ። አጥቂው ሰው ሲቀይር ዳኛው ለተከላካዩም መቀየሪያ ጊዜ ይሰጣል፣ እዚህ ጋ ነው ምርጫው የሚመጣው። ተጨማሪ ላይንባከር ካስገባ ሩጫውን ይችላል፣ ፈጣን ታይት ኤንድን ግን መከተል ያቅተዋል። ቀለል ያለ የኋላ ተከላካይ ካቆየ ተቃራኒው ነው። አዮዋ በ2018 ሆከንሰንንና ኖዋ ፋንትን አንድ ላይ ሲያሰልፍ ሁለቱም ምርጫ ያስከፍል ነበር፤ በዚያ ዓመት ሆከንሰን 760 ያርድ፣ ፋንት 519 ያርድ ተቀበሉ። በ2019 ምርጫ ሆከንሰን 8ኛ፣ ፋንት 20ኛ ሆነው ሁለቱም በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ፤ ከአንድ ኮሌጅ ሁለት ታይት ኤንድ በአንድ ዓመት በመጀመሪያው ዙር ሲወሰድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኤንኤፍኤል የለመደ ተመልካች የሚስተው አንድ የኮሌጅ ነገር አለ፤ ሜዳው ራሱ። የሜዳው ስፋት 160 ጫማ ሆኖ እኩል ነው፤ ኳሱ የሚቀመጥባቸው የውስጥ ሰረዞች ግን በኮሌጅ እርስ በርሳቸው 40 ጫማ ሲራራቁ፣ በኤንኤፍኤል ርቀቱ 18 ጫማ ተኩል ነው። ስለዚህ በኮሌጅ ኳሱ አንዱ ሰረዝ ላይ ሲያርፍ በአንድ በኩል 20 ያርድ፣ በሌላው 33 ያርድ ይቀራል። አሠልጣኙ ታይት ኤንዱን በጠባቡ በኩል፣ ተቀባዮቹን በሰፊው በኩል ካቆመ፣ ተከላካዩ ብዙውን ሰው ወደ የትኛው ያድርገው? ወደ ሰፊው ካደላ በጠባቡ በኩል ታይት ኤንዱና ታክሉ ቁጥር ይበልጣሉ። አዮዋ የሚጫወትበትን የኮሌጅ ሊግ፣ ቢግ ቴንን የሚከታተል የሚኒያፖሊስ ወይም የኮሎምበስ ነዋሪ ይህን በየቅዳሜው ማየት ይችላል።

የታይት ኤንዶች መጥፋት ምን እንደሚመስል የአዮዋ የ2023 ወቅት ያሳያል። ሉክ ላኪ በወቅቱ መጀመሪያ፣ ከሚሺጋን የመጣው ኤሪክ ኦል ጥቅምት ውስጥ ተጎድተው ወጡ፤ ኳርተርባኩም ተጎዳ። አዮዋ በመከላከሉ ብርታት 10 ጨዋታ ቢያሸንፍም በማጥቃት በያርድ ከአገሪቱ የመጨረሻው ነበር። በርግጥ ሁሉንም በጉዳት ማሳበብ አይቻልም፤ አሰላለፉ ራሱ ከመለመዱ የተነሳ ተከላካዮች ክፍተቶቹን ገና ከስናፕ (ኳሱ ከሚነሳበት ቅጽበት) በፊት ቆጥረው ይጨርሱ ነበር።

በ2024 አዲሱ አስተባባሪ ቲም ሌስተር የጨመሩት ዋና ነገር ከስናፕ በፊት የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው፤ ሩጫው ያው አውትሳይድ ዞን ሆኖ ቀጠለ። ሯጩ ኬሌብ ጆንሰን በዚያ ዓመት 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ታችዳውን አስቆጠረ። እንቅስቃሴው የሚሠራው እንዲህ ነው። ታይት ኤንዱ በግራ ተሰልፎ ስናፑ ሊነሳ ሲል ከመስመሩ ጀርባ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በስናፑ ቅጽበት መንቀሳቀስ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን። ተጨማሪው ክፍተት አብሮት ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ያኔ ዓይናችሁን ከኳሱ አንሥታችሁ ላይንባከሮቹን ተመልከቱ። አብረው አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ካሉ ቁጥሩ ገጥሟል፣ ሯጩ ወደ ኋላ ቢቆርጥ ይሻለዋል። ባሉበት ከቀሩ በቀኝ በኩል አንድ ሰው ጎድሏቸዋል፣ ሩጫውም የሚሄደው ወደዚያው ነው።