የምርት የሕይወት ዑደት

የምርት የሕይወት ዑደት አንድ ምርት ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን አንሥቶ እስከሚወጣበት ድረስ ሽያጩና ትርፉ የሚጓዙበትን መንገድ የሚገልጽ የግብይት ጽንሰ ሐሳብ ነው። በተለመደው አከፋፈል አራት ምዕራፎች አሉት፤ መግቢያ፣ ዕድገት፣ ብስለትና ማሽቆልቆል። መሐንዲሶች ዕቃው ከንድፍ እስከ መወገድ የሚያልፍበትን ሂደት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ደግሞ ከጥሬ ዕቃ እስከ ቆሻሻ የሚያስከትለውን ጫና በተቀራራቢ ስም ስለሚጠሩ መደናገር የተለመደ ነው። እዚህ የሚነሣው የነጋዴው ዑደት ብቻ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ስም ከመያዙ በፊት በዋጋ ጥያቄ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ጆኤል ዲን በ1950 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ የአዲስ ምርት ልዩነት ከተፎካካሪዎች መምጣት ጋር እየተሸረሸረ እንደሚሄድ ገለጸ። ሻጩም ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በውድ ዋጋ ጀምሮ ለመክፈል የማያመነታውን ገዢ ካስተናገደ በኋላ ቀስ በቀስ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ ከጅምሩ በርካሽ ሽጦ ገበያውን በማጥለቅለቅ ለተፎካካሪው መግቢያ ያጠብበታል። በ1962 የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ኤቨረት ሮጀርስ ገዢዎችን አዲስ ነገርን በሚቀበሉበት ፍጥነት ከፋፈላቸው። በእርሱ ስሌት ቀዳሚዎቹ ደፋሮች 2.5 በመቶ፣ ተከታዮቻቸው 13.5 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ አመንቺዎች 16 በመቶ ሲሆኑ፣ መሐል ላይ 34፣ 34 በመቶ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ይቀመጣሉ። ጥቂቶች ጀምረው ብዙኃኑ ስለሚከተሉና ጥቂቶች መጨረሻ ላይ ስለሚቀሩ፣ የዑደቱ የሽያጭ መስመር ለምን ኮረብታ እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ጽንሰ ሐሳቡን ከትምህርት ክፍል አውጥቶ ወደ ሥራ አስኪያጆች ጠረጴዛ ያደረሰው ግን የሃርቫርድ የግብይት መምህር ቴዎዶር ሌቪት ነው። በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዑደት ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ከሚለው የኮፐርኒከስ ትምህርት የቀድሞ ዘመን ጋር አመሳሰለው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ የሚጠቀምበት ግን የለም ለማለት ነው። ሁሉም ቀዳሚ መሆን እንደሌለበትም በዚያው ጽሑፍ አስረድቷል። ፖሙን መጀመሪያ ሌላው ይግመጠው፤ ከጣፈጠ ከኋላው መድረስ ይቻላል ባይ ነው። የመግቢያ ምዕራፍ ገንዘብ የሚበላ፣ ትርፍ የማይታይበት፣ ብዙ ምርት የሚሞትበት ጊዜ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት ሳይሆን ስሌት ነው።

የሌቪት ዋና ምሳሌ ናይለን የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ነበር። ዱፖንት ኩባንያ በ1930ዎቹ ፈልስፎት በ1940 በሴቶች ስቶኪንግ መልክ ለሰፊው ገበያ አቀረበው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፓራሹትና ገመድ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የስቶኪንጉ ሽያጭ ሊደክም ሲል አራት መውጫዎች ታዩ፤ ያሉት ገዢዎች አዘውትረው እንዲለብሱ ማድረግ፣ በቀለምና በንድፍ ምክንያት ከአንድ በላይ እንዲገዙ ማድረግ፣ አዲስ ገዢ ማምጣት፣ ክሩን ራሱን ለሌላ አገልግሎት ማዋል። በመጨረሻው መንገድ ናይለን ወደ ምንጣፍና ወደ መኪና ጎማ ገባ። የሌቪት ቁም ነገር ይህ ዝርዝር ምርቱ ከመድከሙ በፊት፣ ገና ሲወጣ መዘጋጀት አለበት የሚለው ነው።

በ1966 የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሬይመንድ ቨርነን ሐሳቡን ወደ ዓለም አቀፍ ንግድ ወሰደው፤ በ1969 ደግሞ የግብይት ተመራማሪው ፍራንክ ባስ አዲስ ምርት በገዢዎች ዘንድ የሚስፋፋበትን መንገድ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው።

ስትራቴጂ በእርግጥ የሚፈተነው የሽያጩ ዕድገት በሚቆምበት በብስለት ምዕራፍ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና በ1908 በ850 ዶላር ቀርቦ በ1920ዎቹ አጋማሽ ርካሹ ዓይነት ወደ 260 ዶላር ወርዷል። ሄንሪ ፎርድ ለእያንዳንዱ ችግር የነበረው መልስ ዋጋ መቀነስ ነበር፤ በዕድገት ዘመን ትክክለኛ መልስ ነበረ። ገበያው ሲበስል ግን አብዛኛው ገዢ መኪና የነበረው ሰው ሆነ፣ የሚፈልገውም የተለየ ነገር ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል፣ የቀለም ምርጫና የዱቤ ሽያጭ ይዞ መጣ። በ1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ ሞዴል ቲ ቆመ፤ ፎርድም ለተተኪው ለመዘጋጀት ፋብሪካዎቹን ለወራት ዘጋ።

ጽንሰ ሐሳቡ ተቺ አላጣም። ናሪማን ዳላና ሶንያ ዩስፔህ በ1976 ይረሳ እስከማለት ደረሱ። ክርክራቸው የሽያጭ መስመሩ የኩባንያው ውሳኔ ውጤት እንጂ መሪ አይደለም የሚል ነው። አንድ ኃላፊ ምርቱ አርጅቷል ብሎ ማስታወቂያውን ሲቆርጥ ሽያጩ ይወርዳል፤ እርሱም «ብዬ ነበር» ይላል። ማስረጃቸው አይፓና የተባለው የጥርስ ሳሙና ነበር። ባለቤቱ በ1968 ተወው፤ በዓመቱ ሁለት የሚኒሶታ ነጋዴዎች ስሙን ወስደው፣ የድሮውን ማሸጊያ ሳይቀይሩ፣ ያለ ማስታወቂያ ያህል በሰባት ወር 250,000 ዶላር ሸጡ። ጸሐፊዎቹ የማስታወቂያ ድርጅት ባልደረቦች ስለነበሩ ብራንድ አይሙት ማለታቸው አያስደንቅም፤ ቢሆንም ነቀፋቸው ቦታውን መቷል። ሽያጭ ለስድስት ወር ባለበት ሲረግጥ ብስለት መሆኑን ከመስመሩ ብቻ መለየት አይቻልም፤ አከፋፋዮች መጋዘናቸውን ሞልተው ማዘዝ አቁመው ወይም ተፎካካሪ ለጊዜው ዋጋ ሰብሮ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚመልሰው የመጋዘን ቆጠራ ነው። ሌቪትም ቢሆን ዑደቱን እንደ ትንቢት አላቀረበውም።

ለማሽቆልቆል ምዕራፍ የስትራቴጂ ተመራማሪዎቹ ካትሪን ሃሪጋንና ማይክል ፖርተር በ1983 አራት መንገዶች አስቀምጠዋል፤ የቀረውን ገበያ መምራት፣ ጠባብ ጥጉን መያዝ፣ ወጪ አቁሞ የተረፈውን መቃረም፣ ወይም ቶሎ ሸጦ መውጣት። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሌሎቹ ጥለው ሲወጡ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ማምረቱን ቀጥሎ ነበር። በ2015 እንኳ 750,000 ያህል ሸጧል። በሐምሌ 2016 ያቆመው ሽያጩ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹን የሚያቀርብለት ማግኘትም ስለቸገረው ነው።