ሪጊንግ ምንድን ነው?

ከአውሮፕላን ጥገና የማታ ፈረቃ ወጥቼ ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በምሄድበት ታክሲ ሬዲዮው ስለ አውሮፕላን አደጋ ያወራ ነበር። ተንታኙ «ሪጊንግ ማለት የላላ ኬብል ማጥበቅ ነው» አለ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ፤ ዛሬ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ማጥበቅ ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሪጊንግ ፓይለቱ መሪውን እስከ ጥግ ሲገፋና ሲስብ፣ ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር (የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ማንዋሉ የሚለውን ያህል ዲግሪ ወደ ታችም ወደ ላይም መንቀሳቀሱን አስተካክሎ መለካት ነው። መሪውን ከኤሌቬተሩ ጋር የሚያገናኘው ኬብል በሚገባ ጠብቆ ኤሌቬተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሰፈራችን ያሉትን ባለጋሪዎች ተመልከቱ። የቀኙ ዛብ ዘለበት በማይሆነው ቀዳዳ ቢታሰርና ዛቡ ቢረዝም፣ ባለጋሪው ክንዱ እስኪያልቅ ቢስብም የፈረሱ አንገት የሚዞረው በግማሽ ነው። ዛቡ አልተበጠሰም። ቀጥ ባለው አስፋልት ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ይውላል፤ ጉዱ የሚታየው ድንገት መታጠፍ ሲያስፈልግ ነው። አሁን ደግሞ ጤፉን ከኋላ አብዝታችሁ ጫኑበት። ጋሪው በሁለት ጎማው ላይ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ፈረሱን ከፊት ያነሳዋል።

ጥር 8 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሻርለት ከተማ የሆነው ይኸው ነው። 19 መንገደኛ የሚይዝ ቢችክራፍት 1900ዲ ሲነሳ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና፤ ፓይለቶቹ ወደ ታች ቢገፉም ኤሌቬተሩ ወደዚያ መሄድ የቻለው ከሚገባው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። የአውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሽ (ሃንጋር) ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 21 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከሁለት ሌሊት በፊት መካኒኩ የኬብሉን ውጥረት አስተካክሎ የቀሩትን የሪጊንግ እርምጃዎች ዘሏቸው ነበር። ልክ እንደ ተንታኙ፣ ሥራው ማጥበቅ ብቻ መስሎታል። ጭነቱም ወደ ኋላ አድልቶ ነበር፤ የመንገደኛው ክብደት የሚሰላው በአማካይ ነበርና የወረቀቱ ቁጥር ከእውነተኛው አንሶ ተገኘ።

ተንታኙ ቀጥሎ «ከጥገናው በኋላ በሰላም ከበረረ ጥፋቱ የጥገና አይደለም» አለ። ያ አውሮፕላን ከጥገናው በኋላ ከአደጋው በፊት 9 ጊዜ በሯል። ዘጠኙም ቀጥ ያለው አስፋልት ነበሩ።

ውጥረቱ ራሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፕላኑ አካል አሉሚኒየም፣ ኬብሉ ብረት ነው፤ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ ይበልጥ ስለሚሰፋ ኬብሉ ይወጠራል። ስለዚህ በሌሊቱ ብርድ የሚፈለገው ቁጥር የቀኑ አይደለም፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ይነበባል፣ ከዚያ ሰንጠረዡ ይታያል። ጭራሽ በኬብል የማይታዘዙ አውሮፕላኖችም አሉ፤ እዚህ ያልኩትን እነሱ ላይ አትለጥፉት።

ሻርለት ላይ የወደቀውን አውሮፕላን የሠራው መካኒክ ገና በሥልጠና ላይ ነበር። ያሠለጠነውና ሥራውን የፈተሸው ደግሞ አንድ ሰው ነው። እርምጃዎቹ ሲዘለሉ አብሮ ተስማምቶ፣ መልሶ እሱው ፈተሸ። እኔ መሪውን እስከ ጥግ ገፍቼ ስይዝ፣ ሥራው ውስጥ እጁን ያላስገባ ሌላ ሰው ጭራው ሥር ቆሞ መለኪያው ላይ ያየውን ዲግሪ ጮክ ብሎ ካልነገረኝ አልፈርምም።