የጅማ የበጋ አትክልት ስፍራ፦ የደረቁ ሣሮችና የዱር አበቦች

የበጋ አትክልት ስፍራ ማለት ዝናብ በሚቀንስባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት የደረቁ አገር በቀል ሣሮችና የዱር አበቦች ሳይታጨዱ እንዲቆሙ የሚደረግበት ግቢ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ለምለም ከተማ ናት። እዚህ ዕፅዋቱን የሚያስተኛቸው ከብርድ ይልቅ የአፈር እርጥበት ማነስ ነው። ለብዙ ዓመት የሚኖረው ሣር ቅጠሉ ሲደርቅ ምግቡን ወደ ሥሩ ስለሚመልስ ላዩ የሞተ ቢመስልም ሥሩ ሕያው ነው።

በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር 2ኛ ዘመን ሣር ይበልጥ የሚፈለገው ለቤት ክዳን ነበር። የእርሻ ትምህርት ቤቱ በ1952 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ግን ጅማ ዕፅዋትን በሥርዓት የሚያጠኑ ባለሙያዎችን ስታፈራ ቆይታለች። ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ሆኖ በ1999 እ.ኤ.አ. ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር በመቀላቀል የዛሬውን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ መሥርቷል።

የበጋው ግቢ ባለሟል ሰንበሌጥ ነው። በክረምት ከሰው ቁመት በላይ ያድግና ኅዳር ላይ አገዳው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ውበቱ የሚጎላው ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ፣ ፀሐይ ከበስተጀርባው ስትወጣ ስለሆነ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ መትከል ይመረጣል። ከዘሩ ጫፍ የሚወጣው ቀጭን ጭራ መካከሉ ላይ እንደ ጉልበት የታጠፈ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጠመዘዛል፤ በዚህ ዙረት የወደቀውን ዘር አፈር ውስጥ ይሰረስረዋል። ዘሩ ልብስ ላይም ስለሚሰካ ሰንበሌጥ ከመተላለፊያ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

አጨዳው በየካቲት መጨረሻ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ በስለታም ማጭድ ይከናወናል። ከዚያ ዝቅ ከተደረገ ቡቃያ የሚያወጣው ጉቶ ይጎዳል፤ ከዘገየ ደግሞ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ጋር ይታጨዳል። ለክዳን የሚፈልገው ሰው ቀደም ብሎ ስለሚያጭድ ለእይታ የሚቆመውን ክፍል አስቀድሞ መለየት ይበጃል። ማቃጠል ይሻላል የሚሉ አሉ። ሰንበሌጥ ከእሳት በኋላ መልሶ ማቆጥቆጡ እውነት ነው፤ በግቢ ውስጥ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፣ እሳቱ ወደ ጎረቤት አጥርና ጣሪያ ይዛመታልና።

ከአበቦቹ የፈረስ ዘንግ ሲደርቅም ቅርጹን አይለቅም፤ አራት ማዕዘን አገዳው ላይ ክብ እሾሃማ ራሶቹ ከላይ እስከ ታች ተራርቀው ይደረደራሉ። አደይ አበባ ግን ቶሎ ይረግፋል፤ ዘሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ሲለቅ ጥቂቱን ሰብስቦ በወረቀት ከረጢት ደረቅ ቦታ ማኖር፣ ቀሪውን ለመሬቱ መተው ነው። ከሣሮቹ ደግሞ ስንደዶ ለስፌትም ስለሚለቀም ጉቶው ብቻ ሊቀር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃ ላይ ነው። ግቢው ደረቀ ተብሎ በበጋ ሲጠጣ ሽንኩርት መሰል ሥር ያላቸው አበቦች ይበሰብሳሉ፤ ቦታቸው በካስማ ምልክት ተደርጎበት እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ሳይጠጣና ሳይቆፈር መቆየት አለበት። ሌላው ጠላት ምስጥ ነው፦ የወደቀ አገዳ መሬት ላይ ከከረመ ይጠራዋል፣ በየሳምንቱ መልቀም ያስፈልጋል።