ፓወር ሰፕላይ ምንድን ነው? ኮምፒውተር በቁጠባ ለሚገጣጥም ሰው

ዕቃ ገዝቶ ራሱ ኮምፒውተር ሊገጣጥም ያሰበ ሰው ዝርዝሩን ሲያሳይ፣ ፕሮሰሰሩ ከነሞዴል ቁጥሩ፣ ራሙ ከነጊጋባይቱ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከነስሙ በደንብ ተጽፎ ይገኛል። ከታች ግን «ኬዝ ከነፓወር ሰፕላዩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይኖራል። ሞዴል የለ፣ አምፔር የለ። ብር ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀነሰው ከዚያችው መስመር ላይ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ በትንሽ ብር በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ፣ ይልቁንም እንደ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር፣ ከፕሮሰሰሩ ቀጥሎ መወሰን ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ኬዙ ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው፣ የራሱ ማራገቢያ የተገጠመለት የብረት ሳጥን ነው። የመብራቱ ገመድ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። ሥራው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ተቀብሎ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚችሉት ዝቅተኛ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) መለወጥ ነው፤ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት። የሚገባው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ዲሲ ይሆንና 310 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ካፓሲተር በሚባል ትልቅ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ይጠራቀማል። ከዚያ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየተቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያልፋል፤ ዝቅ ብሎ፣ ተጣርቶ ይወጣል። ያ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። አቧራውን ከውጭ በአየር ንፉት እንጂ የሳጥኑን ብሎን አትንኩ።

ከሦስቱ ቮልቴጆች ትልቁን ሸክም የሚችለው 12ቱ ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ኃይላቸውን የሚወስዱት ከእሱ ነው። 5ቱ ለዩኤስቢና ሳታ በሚባል ገመድ ለሚገናኘው ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ)፣ 3.3ቱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ለሚሰካው ኤም.2 ኤስኤስዲና ለመሳሰሉት ነው። ፔንቲየም 4 ከሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ዘመን በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ የያኔዎቹ ኮምፒውተሮች ዋና ፍጆታቸው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት ነበር። ዛሬም በርካሽ ከሚሸጡት ሳጥኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲታይ ያንን የድሮ አሠራር የተከተሉ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሱቅ ውስጥ የምትሰሙት ይኼን ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ስንት ዋት ነው?»

«አምስት መቶ ነው የኔ ልጅ፣ ይበቃሃል።»

ሻጩ አልዋሸም፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ 500 ተብሎ ተጽፏል። ግን ሳጥኑን ገልበጥ አድርጉና በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በላይኛው ረድፍ ቮልቴጆቹ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው አምፔሩ አለ። 12 ቮልት በሚለው ሥር 18 አምፔር ቢል፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚካፈሉት ይህንን ብቻ ነው። ቀሪው 5 እና 3.3 ቮልት ላይ የተከመረ፣ የዛሬ ኮምፒውተር ብዙም የማይጠቀምበት ቁጥር ነው፤ እህሉን ከነጆንያው መዝኖ እንደመሸጥ ያለ ነገር። ደህና በሆነ ባለ 450 ዋት ሳጥን ላይ ግን በዚያው ቦታ 36 አምፔር አካባቢ ታገኛላችሁ። 36ን በ12 ብታባዙት 432 ዋት ይመጣል። ስለዚህ ባለ 450ው ከባለ 500ው እጥፍ ያህል ይሠራል ማለት ነው።

አንዳንድ ሠንጠረዥ ላይ 12 ቮልቱ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዓምድ ይጻፋል። ሁለቱን አምፔር መደመር አያስፈልግም፤ ከሥራቸው ለሁለቱ የጋራ የሆነው ጣሪያ በዋት ይሰፍራል፤ የሚታመነው እሱ ነው። የ12 ቮልቱ አምፔር ጨርሶ ካልተጻፈበት ግን ሳጥኑን መልሱለትና ሂዱ።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ከሚታሰበው በጣም ያንሳል። ራይዘን 5 5600ጂን እንውሰድ፤ ግራፊክሱ በውስጡ ስላለ ካርድ ለመግዛት ለማይችል ሰው ጥሩ ፕሮሰሰር ነው። የተጻፈለት 65 ዋት ሲሆን ሲጨነቅ 88 ድረስ ይስባል። ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ማራገቢያዎቹን ጨምራችሁ ከ150 ዋት ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ 75 ዋት የሚፈልገውን ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ብትጨምሩ ከ250 በታች ናችሁ። ለተማሪ፣ ለጽሕፈትና ለኮፒ ሥራ፣ ለመካከለኛ ጨዋታ ሐቀኛ 400 ወይም 450 ዋት ተርፎ የሚፈስስ ነው። ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር 700 ዋት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያንን ልዩነት ራም ላይ ጨምሩት። በነገራችን ላይ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስትገዙ በቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ግራፊክስ በውስጡ የለውም፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ብትወስዱት ካርድ ካልገዛችሁ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የቁጠባ መለኪያ ነው። ሳጥኑ ከግድግዳ ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ 200 ዋት ሲፈልግ፣ በ80 በመቶ የሚሠራ ሳጥን ከቆጣሪው 250 ይስባል። ብሮንዝና ጎልድ የሚባሉት ከዚህ የተሻሉት ደረጃዎች ናቸው። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ብክነት እንጂ ስለ ዕድሜ ወይም ስለ መከላከያ አይደለም፤ ሐሰተኛው ተለጣፊም አይጠፋም። እኔ ከተለጣፊው ይልቅ ክብደቱን አምናለሁ። ጥሩ ሳጥን አንሱት፣ ይከብዳል፤ በውስጡ መዳብና ሙቀት የሚስብ ብረት አለበት። ገመዶቹም ላይ በጥቃቅን ፊደል የውፍረት ቁጥር ይታተማል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። 18 የሚል ደህና ነው፣ 22 የሚል ለግራፊክስ ካርድ ቀጭን ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው የበጀት ኮምፒውተር እንምጣ። ብዙው ሰው ከባዶ አይገጣጥምም፤ ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝቶ ኤስኤስዲ፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ ይጨምርበታል። ብልህ መንገድ ነው፤ የሚወስነው ግን አሁንም ያው ሳጥን ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ብንወስድ ትልቁ ኬዝ 290 ዋት፣ ጠባቡ 255 ዋት ነው ያለው። የፋብሪካው ሳጥን ሐቀኛ ስለሆነ ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ አትናቁት፤ 500 ከተባለው ከብዙው ይሻላል። ችግሩ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ስለዚህ የምትጨምሩት ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማስገቢያ ብቻ የሚበላ መሆን አለበት፤ ማስገቢያው የሚሰጠው ደግሞ እስከ 75 ዋት ነው። ጂቲ 1030 በ30 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ75 ዋት ይገባሉ። ጂቲኤክስ 1650 ስትገዙ ካርዱን በዓይናችሁ እዩት፤ ተጨማሪ ባለ 6 ፒን መሰኪያ የተሠራበትም ያልተሠራበትም አለ። ለጠባቡ ኬዝ ቁመቱ አጭር የሆነው ዓይነት ብቻ ነው የሚገባው።

እንግዲህ አንዳንዱ ጠጋኝ «አስማሚ ገመድ አለ፣ ከሳታው ላይ እናወጣልሃለን» ይላል። እሺ አትበሉ። የሳታ መሰኪያ 12 ቮልቱን የሚያሳልፈው በሦስት ቀጫጭን ፒኖች ነው፤ ሁሉም ተደምረው የሚችሉት 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ 6 ፒኑ መሰኪያ ግን 75 ዋት ድረስ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚሸትተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳጥኑን እንቀይር ብትሉስ? ኤቲኤክስ የሚባለው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው መስፈርት የሳጥኑን ወርድና ቁመት፣ የብሎን ቀዳዳውንና የመሰኪያውን ዓይነት ስለወሰነ፣ በመስፈርቱ የተሠራ ማንኛውም ሳጥን በመስፈርቱ የተሠራ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ማዘርቦርዱም ባለ 24 ፒን መሰኪያ ይኖረዋል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ከዚህ ያፈነግጣሉ። ያው 9020 ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 8 ፒን ነው፤ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ላይ ባለ 6 ፒን። ለዚህ የሚሆን መቀየሪያ ገመድ አለ፤ ካላገኛችሁት የገዛችሁት አዲስ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የቢሮ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን አስከፍታችሁ ሁለት ነገር እዩ፤ የዋናውን መሰኪያ ፒን ቁጠሩ፣ የሳጥኑን ዋት አንብቡ።

የመብራቱን ነገር ላንሳ። ከኋላ ቀይ ማብሪያ ያለው፣ 115 እና 230 የሚል የተጻፈበት ሳጥን ካገኛችሁ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ከተሰካ ጧ ብሎ ነው የሚያበቃው። ቀዩ ማብሪያ የሌለው፣ መግቢያው ላይ «100–240» ተብሎ የተጻፈበት ግን ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ኃይሉ ወርዶ አምፖሉ ሲደበዝዝ፣ ይኼኛው ምንም ሳይሰማው ይሠራል። «200–240» የሚለው በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ይችላል። እኔ ሁለት ሳጥን በእኩል ዋጋ ቢቀርብልኝ የምመርጠው በዚህ መስመር ነው።

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አንዱ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሌላው የማይጠፋውም በዚሁ ሳጥን ነው። ከላይ ያነሳነው ትልቁ ካፓሲተር መብራቱ ከተቋረጠ በኋላ ኮምፒውተሩን ለአጭር ጊዜ ያቆየዋል፤ የኢንቴል መስፈርት 16 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ይጠይቃል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሴኮንድ ይፈልጋል፤ እስከዚያ የሚይዘው ካፓሲተሩ ነው። ርካሽ ሳጥን ካፓሲተሩ ትንሽ ስለሆነ አይጠብቅም፤ ሰውየው ዩፒኤሱን ይረግማል። ዩፒኤስ ስትገዙም 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት እንዳልሆነ አስታውሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ከላይ ላሰላነው ኮምፒውተር ይበቃል፤ ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን ግን አትሰኩበት።

ሌላው በየቤቱ የሚሰማው «ኬዙ ይነዝረኛል» ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች ከብረቱ ጋር ተያይዘዋል። ኧርዝ የሚባለው ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ካለ የሚያፈስሱት ጥቂት ኃይል በዚያ ይሄዳል። ከሌለ ብረቱ ላይ የግድግዳው ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ይቀመጣል፤ አምፔሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ይህ በራሱ የሳጥኑ ብልሽት አይደለም፤ የቤቱ ሽቦ ወይም ኧርዙን ያስቀረችው የማከፋፈያ ሶኬት ነች። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዝ አስገቡ። ንዝረቱ ጠንካራ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩን ንቀሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ የምለው የለኝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ብርዱ ግን ይክሰዋል። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ የምትሠሩ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ሳጥን ዋቱ የተለካው በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጥሩዎቹ በ40 ወይም በ50 ነው። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት ለቆላ 40 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ውሰዱ።

ብሩ ጨርሶ ካልበቃ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ግራፊክስ ካርዱን ለጊዜው ተዉት፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለ ፕሮሰሰር ውሰዱ፣ ኬዙን ያገለገለ ግዙ፤ የተቧጨረ ኬዝ ማንንም አልጎዳም። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው፣ ሠንጠረዡን አንብባችሁ፣ ከነገመዱ አዲስ ግዙ። የሚቀጥለው ዓመት ካርዱን ስትጨምሩ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ ከአሁኑ ተገጥሞለት መምጣቱን ሱቅ ውስጥ እያላችሁ እዩ።