«ኳርተርባክ መንካት ተከለከለ» እና ሌሎች የእሁድ ጭቅጭቆች

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ አላግባብ መምታት የሚያስከትለው ቅጣት ከባድ ነው። አጥቂው ቡድን 15 ያርድ ይሰጠዋል፣ አራቱ ሙከራዎቹም ከአንድ ይጀምሩለታል። ያበቃለት የመሰለ ማጥቃት ዳኛው በሚጥለው አንድ ቢጫ ጨርቅ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ተመልካች ቢናደድ አይፈረድበትም። በንዴት የሚባለው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ኳርተርባክን መንካት ክልክል ሆኗል»

አልሆነም። ኳሱ እጁ ላይ እስካለ ድረስ ይዞ መጣል የተከላካዩ ሥራ ነው። የተከለከለው ራሱንና አንገቱን መምታት፣ ጉልበቱንና ከዚያ በታች ያለውን በኃይል መግጨት፣ ኳሱ ከተወረወረ በኋላ ከአንድ እርምጃ በላይ ሄዶ መግጨት፣ እና ሙሉ ክብደትን ይዞ ላዩ ላይ መውደቅ ነው። የሚወረውር ሰው ዓይኑ ሩቅ ነው፣ ክንዱ ተነሥቷል፣ ጎኑ ክፍት ነው። በእኛ እግር ኳስ ግብ ጠባቂ ለኳስ ሲዘል ዳኛው ለምን እንደሚሳሳለት የገባው ሰው ይህም ይገባዋል።

«ሕጉ ለቶም ብሬዲ ተብሎ የወጣ ነው»

ኳርተርባኩ ብሬዲ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታ በተከላካዩ በርናርድ ፖላርድ ተመትቶ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ በማግስቱ ዓመት መሬት ላይ ያለ ተከላካይ ወደ ኳርተርባክ እግር እንዳይወረወር ተደነገገ። ግን ከእሱ በፊት ጥር 2006 የሌላው ኳርተርባክ፣ የካርሰን ፓልመር፣ ጉልበት ጉዳት ነበር። ጥቅምት 2017 የአሮን ሮጀርስ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ሲሰበር ደግሞ ክብደትን መጫን በ2018 በጥብቅ መታየት ጀመረ። ሦስቱም ኮከቦች መሆናቸው ግን ያስተዛዝባል። ተቀያሪ ኳርተርባክ ቢሰበር ሕግ ይነካ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

«ሆን ብሎ ካልመታ ጥፋት አይደለም»

ስለ ሐሳቡ ማንም አይጠይቅም። እንዲያውም ሕጉ ዳኛው ከተጠራጠረ እንዲቀጣ ያዛል። ጥቅምት 2022 የአትላንታው ተከላካይ ግሬዲ ጃሬት ብሬዲን በመጣሉ ተቀጣ፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ የካንሳስ ሲቲው ክሪስ ጆንስ። የጆንስን ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል፦ ኳሱን ከላስ ቬጋሱ ኳርተርባክ ከዴሪክ ካር እጅ ነጥቆታል፣ አብረው እየወደቁ ኳሱ የእሱ ነው፣ በሌላው እጁ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራል። ዳኛው ካር በውርወራ አቋም ላይ ስለነበር ጥበቃው አልተነሣበትም አሉ። ለእኔ ይህ ጥበቃ ሳይሆን ነጠቃ ነበር። ኳሱ የሌለው ሰው ምኑን ይወረውራል?

«ተከላካዩ ቢበዛ ገንዘብ ነው የሚከፍለው»

መስከረም 2018 የማያሚው ዊልያም ሄይስ ካርን ይዞ ሲጥል ክብደቱን ላለመጫን ሰውነቱን አዞረ፤ ጉልበቱ ተበጠሰና የዓመቱ ጨዋታ አበቃለት።

«ጥበቃው ለሁሉም እኩል ነው»

በወረቀት አዎ። ሜዳ ላይ ግን የካሮላይናው ኳርተርባክ የነበረውን ካም ኒውተንን ማየት ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ከ110 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፣ ይሮጥም ነበር። ሕጉ የሚሮጥን ኳርተርባክ እንደ ማንኛውም ሯጭ ያየዋል፤ ተንሸራትቶ ካልተቀመጠ በቀር ልዩ ጥበቃ የለውም። ከአጋሮቹ ከለላ ወጥቶ እየሮጠ ቢወረውር እንኳ የአንድ እርምጃውንና የእግሩን ከለላ ያጣል፣ የጭንቅላቱና ሌላው ጥበቃ ግን አይነሣበትም። እስከዚህ ፍትሐዊ ነው። ግን በ2016 መክፈቻ ዴንቨር ላይ ጭንቅላቱን በተደጋጋሚ ሲመቱት፣ ሊወረውር ቆሞ ሳለም ጭምር፣ የወጣው ጨርቅ አንድ ነው፤ እሱም በራሱ ቡድን ጥፋት ተጣፍቶ ቀረ። ሊጉ ግን በኋላ ሁለት የዴንቨር ተጫዋቾችን በገንዘብ ቀጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ከአሪዞና ጋር ሲጫወቱ እግሩ ተመትቶ ዝም ሲባል ሜዳ ላይ ደህንነት እንደማይሰማው በአደባባይ ተናገረ። ግዙፍ ሰው ሲመታ ምቱ ትንሽ ይመስላል።

«ጨርቅ ካልወጣ አደጋ አልነበረም»

መስከረም 2022 ሲንሲናቲ ላይ የማያሚው ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎዋ ጭንቅላቱ መሬት መትቶ ጣቶቹ ተቆላልፈው በቃሬዛ ሲወጣ፣ የጣለው ተከላካይ አልተቀጣም፤ አጣጣሉም ሕጋዊ ነበር። ከቀናት በኋላ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የለወጡት የጭንቅላት ጉዳት ምርመራውን ነው፦ ሚዛኑን ስቶ የተንገዳገደ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም።