ተዝካር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ድንኳን በተተከለበት አጥር ላይ «የእናታችን 1ኛ ሙት አመት ተዝካር፣ የምሳ ሰዓት 6፡00» የሚል ባነር ማየት የተለመደ ነው። ትንሹን ስሕተት አስቀድመን እንገላገለው። በአልፉ አ የሚጻፈው «አመት» በግዕዝ ገረድ፣ ሴት አገልጋይ ማለት ነው። የ13 ወሩ ዘመን በዐይኑ ዐ የሚጻፈው «ዓመት» ነው። ባነሩ እንደ ፊደሉ ቢነበብ የሞተች ገረድ ይወጣዋል። ሁለቱም ፊደል አታሚው ኮምፒውተር ላይ አለ።

ትልቁ ስሕተት ባነሩ የተወው ነገር ነው፤ ምሳው ሰዓት አለው፣ ጸሎቱ ግን የትም አልተጻፈም። አንድ አስተያየት ሰጪም ከዚህ ተነሥቶ «ድሮ በገጠር እናት ስትሞት ቤተ ክርስቲያን ተዝካር አውጡ እያለች የቤቱን ጥማድ በሬ አሸጠች» ይላል። በሬ መሸጡስ እውነት ነው፤ መሬት በወለድ አግድ ያስያዘም ነበር። ያሸጠው ግን ይሉኝታ ነው። ሰውየው ድግሱን ተዝካር ብሎ ነው የጀመረው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ ጠማማ ነው።

ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መታሰቢያ ማለት ነው። ሥራው ሁለት ነው፦ ፍትሐት፣ ማለትም ለሞተው የሚደረግ ጸሎት፣ እና ምጽዋት። ፍትሐት ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ፈትሐ ማለት ፈታ፣ የታሰረን ለቀቀ ማለትም ነውና። ለሞተ ሰው ጸሎት ይረባል ወይ የሚለው ሌላ ሙግት ነው፤ ከቃሉ ትርጉም ጋር አይቀላቀል።

ነጠላን እንይ። ፍትሐቱ ድር፣ ምጽዋቱ ማግ፣ ድግሱ ጥለት ነው። ከሩቅ የሚታየው ጥለቱ ነው፤ ግን ድር በሌለበት ሸማኔ ጥለት የሚጥልበት የለውም። ጋቢ ያለ ጥለትም ያሞቃል። ሸማኔ ቢሰማ «ጥለትም እኮ ቀለም የገባ ማግ ነው» ብሎ ያርማል፤ እውነቱን ነው። ድግሱም የሚበላው ድኃ ከሆነ ያው ምጽዋት ነው። የሚበላው የጠገበ ጎረቤት ብቻ ሲሆን ግን ጥለቱ ከድሩ ተላቀቀ ማለት ነው።

ቀኖቹ ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያሉ ይሄዳሉ። ሦስተኛው በጌታ ትንሣኤ፣ ሰባተኛው ዮሴፍ ለያዕቆብ ባለቀሰው ሰባት ቀን (ዘፍ. 50፥10)፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ባለቀሰው (ዘዳ. 34፥8) ይመሰላል። ሰው ሁሉ ተዝካር ሲል የሚያስበው አርባውን ነው። «ለሴት ሰማንያ ነው» የሚሉ አሉ፤ ከክርስትና ጋር አምታተውት ነው። በ40 እና በ80 ቀን የሚለየው የወንድና የሴት ሕፃን ጥምቀት ነው። ሙት በጾታ አይለይም።

አቆጣጠሩ ዕለቱን ጨምሮ ነው፤ ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት እንደሚባለው። ሰኞ ያረፈች እናት ሣልስቷ ረቡዕ ነው። መስከረም 1 ያረፈች አርባዋ ጥቅምት 10 ይውላል። ነሐሴ ላይ ካረፈች ጳጉሜን ትቆጠራለች፤ የነሐሴ 1 አርባ መስከረም 5 ነው፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት መስከረም 4። ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ግን ፍትሐት አይደረግም፤ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት የሚደረገውም ለዚህ ነው።

አሁን የድሮዋን የገጠር እናት እንከተላት። ነፍሷ ስትወጣ ገላዋ ይታጠባል፤ የሁለቱ እጆቿ አውራ ጣቶች አንድ ላይ፣ የእግሮቿም እንዲሁ በክር ይታሰራሉ፤ በነጭ ጨርቅ ትገነዛለች፤ ዳዊት ይደገማል። በቃሬዛ ስትሄድ መንገድ ላይ እየታረፈ ይጸለያል፤ ሙሉው ሥርዓት ሰባት ምዕራፍ፣ ማለትም ማረፊያ፣ አለው። አርባው ሲደርስ ፍትሐቱ በቀኑ ይደረጋል። ድግሱስ? ክረምት ላይ ከሞተች ጎተራው ባዶ ነው። ስለዚህ ትልቁ ድግስ እህል እስኪገባ፣ እስከ ጥር ድረስ ይቆይ ነበር። ጠላውም ጊዜ ይፈልጋል፦ ብቅሉ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጎንቁሎ፣ ደርቆ እስኪፈጭ ሳምንት ይሄዳል፤ ጌሾው ሁለት ሦስት ቀን ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ድፍድፉ አለ። ድፍድፉ ሳይበስል ያጠለሉት ጠላ እንግዳውን ሆድ ይነፋዋል።

ልጅ የሌለው ሰው ደግሞ በሕይወት ሳለ የቁም ተዝካሩን ያወጣ ነበር። እንግዲህ ድግሱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሄዳል፤ አርባ ቀኑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ይህ ከየት ይመጣል?

ሐዋሳም ላይ የሚያስፈልገው ዝርዝር አጭር ነው፦ ለመገበሪያ፣ ማለትም ለቅዳሴው ኅብስትና ወይን፣ የተለቀመ ንጹሕ ስንዴና ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ የክርስትና ስሟ የተጻፈባት ወረቀት። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ይኸው የመጨረሻው ነው። የገጠር እናት አባቷ ያወጣላት ስም አላት፤ ባል ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ያወጡላታል፤ ልጆቿ እማዬ ብለው ያድጋሉ። ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «ወለተ ማርያም» ትሁን «ወለተ ሥላሴ» የሚያውቁት ንስሐ አባቷ ወይም ያነሣቻት የክርስትና እናቷ ነበሩ። በቁሟ መጠየቅ ነው። ጸሎቱ ለወንድ «ገብርከ»፣ ለሴት «አመትከ» ብሎ ስሟን ያስከትላል፤ አገልጋይህ ማለቱ ነው። በአልፉ አ የሚጻፈው አመት ቦታው እዚህ ነው፤ ባነሩ ላይ አይደለም።